«ወጪያቸው አድጓልና ይከፍላሉ» ላላችሁን

ለተከበራችሁ የከተማችን የመዋጮና የአገልግሎት ክፍያ ውሳኔ ሰጪዎች፣

ጉዳዩ፦ በቤተሰብ ወጪ ጥናት ላይ ተመሥርቶ የጡረተኞችን የመዋጮ ቅናሽ ስላነሣው ውሳኔ

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በምሥራቅ ጎጃም ካሉት የወረዳ ከተሞች በአንዲቱ የአንድ ሴቶች እድር ሒሳብ ያዥ ሆኜ ነው። 64 አባላት አሉን። 41ዱ የሚኖሩት በራሳቸው ወይም በሟች ባላቸው ጡረታ ነው። ባለፈው ጥቅምት በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ የለጠፋችሁት ወረቀት ለጡረተኛ ይደረግ የነበረውን የጽዳትና የመንገድ መዋጮ ቅናሽ አንሥቶ፣ ከነጋዴውም ከደመወዝተኛውም እኩል ክፈሉ ይለናል። ምክንያቱም በአንድ ዐረፍተ ነገር ተቀምጧል፦ «የነዋሪው ወርሃዊ ወጪ በከፍተኛ ደረጃ በማደጉና ከምግብ ውጪ ለሆኑ ነገሮች የሚያወጣው ድርሻ በመጨመሩ የመክፈል አቅሙ መሻሻሉ በጥናት ተረጋግጧል።»

መዋጮውን ጠልተን አይደለም። ቦዩ ሲደፈን ጎርፉ ቀድሞ የሚገባው እኛው ደጅ ነው፤ ስንከፍልም ኖረናል። ያልተዋጠችልን ያቺ ዐረፍተ ነገር ናት። ወጪያችን ጨምሯል መባሉ እውነት ነው፤ እንዴት እንደጨመረ ደግሞ በቀን በቀኑ ጽፌ ይዤዋለሁ። ከዚያ ተነሥቶ «አቅማቸው ተሻሽሏል» መባሉ ግን ስሕተት ነው።

ጥናቱ እኔም ቤት መጥቷል። መጋቢት 2017 ነው፣ ሁዳዴ ገና እኩሌታው ላይ። የመጣው ልጅ ጨዋ ነው፤ ደጃፍ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ተው አልኩት። ታብሌቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ «እማማ፣ ባለፈው ወር ያወጡትን ብቻ ነው የምጠይቅዎ» አለኝ። ቡና እየቆላሁ ነበር፤ እያመስኩ መለስኩለት።

«ለጤፍ ስንት አወጡ?»

«ለጤፍ አላወጣሁም። የወንድሜ ልጅ ሁለት ቁና ልኮልኛል።»

ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ትንሽ አሰበና «ካልገዙት እንግዲህ ዜሮ ነው የምሞላው» አለ።

«በልተነዋል እኮ!»

«የበሉትን የምሞላበት ቦታ የለውም እማማ። ያወጡትን ነው የሚጠይቀው።»

ለቅቤ ዜሮ። ለእንቁላል ዜሮ። ለወተት፣ ለሥጋ ዜሮ፤ ጾም ነዋ! ለመድኃኒት 1,150 ብር። ለውሃ 630 ብር። ለስልክ ካርድ፣ ለባጃጅ፣ ለከሰል፣ ለልጆቹ ደብተርና ፎቶ ኮፒ፣ ለእድር፣ ለማኅበር ሁሉም ተሞላ። ቡናውን ጠጥቶ መርቆኝ ሄደ። ታብሌቱ ውስጥ ይዟት የሄደው ሴትዮ ግን እኔን አትመስልም። እህል ብዙም የማያስወጣት፣ ለጤናዋ፣ ለውሃዋና ለስልኳ ግን ገንዘቧን የማትሰስት አንዲት ደልዳላ እማወራ ናት።

ለማስተያየት ያህል የራሴን ላስላ። በዚያ ወር እጄ የገባው 5,120 ብር ጡረታና ልጄ ከአዲስ አበባ የላከው 2,000 ብር፣ በድምሩ 7,120 ነው፤ ሁሉም ወጥቷል። ለምግብ የከፈልኩት 2,900 ብር ነበር። በእናንተ አሠራር የምግብ ድርሻዬ 41 በመቶ ይሆናል። የወንድሜ ልጅ የላከው ጤፍ በገበያ 1,100 ብር ያወጣ ነበር፤ እሱን ከምግቡም ከጠቅላላውም ላይ ስትደምሩ ድርሻው ወደ 49 በመቶ ይወጣል። አንዲት ዜሮ ስምንት ነጥብ አጎደለችብኝ ማለት ነው። ፋሲካ ያለበትን ወር ጠይቃችሁኝ ቢሆንማ ሌላ ሴትዮ ሆኜ ነበር የምወጣው።

ይህ ስሕተት መላ ያልተገኘለት ነገር አይደለም። ሀገር አቀፉ የቤተሰብ ፍጆታና ወጪ ጥናት በ1988፣ በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ተደርጓል። ቤተሰቡ የበላው እህል ከገበያ ይሁን፣ ከራሱ ማሳ ይሁን ወይስ በስጦታ ያገኘው ለይቶ ይመዘግባል፤ ያልተገዛውንም በዋጋ ተምኖ ይደምረዋል። በ2003 እና በ2008 መረጃው የተሰበሰበው ዓመቱን ሙሉ ነው፤ ጾሙም ፍስኩም፣ ክረምቱም በጋውም እንዲገባ። የእናንተው ሥራ ግን በሁዳዴ በሁለት ሳምንት ተጀምሮ አለቀ።

አሁን ስለ ደብተሮቼ። በ1972 በ230 ብር ደመወዝ ተቀጥሬ ባልትና አስተምር ነበር። ልጃገረዶቹ ወጥና ጥልፍ ብቻ የሚማሩበት ክፍለ ጊዜ የሚመስለው ሰው ብዙ ነበር፤ እኩሌታው ግን የቤት በጀት ነው። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። የማስተምረውን ራሴ ሳልሠራበት እንዳልቀር ብዬ በዚያው ዓመት አንድ ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዛሁ። ባልትና ከትምህርት ቤት ሲቀር እኔ ወደ ሒሳብ ተዛወርኩ፤ ደብተሩ ግን አልቆመም፤ ዛሬ 11ኛው ላይ ነኝ። እያንዳንዱ ገጽ ሁለት ዓምድ አለው፦ በግራ «ከቤት የመጣ»፣ በቀኝ «በገንዘብ የተገዛ»። ከቤት ስል ቢቸና አጠገብ ካለው የወላጆቼ ቤት ማለቴ ነው፤ ያኔ ከተማ ለገባ ሰው ሁሉ «ቤት» ገጠሩ ነበር።

የጥር 1974ን ገጽ ከፍቼ እያየሁ ነው። ከቤት የመጣ፦ ማኛ ጤፍ አንድ የአህያ ጭነት፣ ገብስ፣ አተርና ጓያ ለሽሮ፣ በርበሬ፣ ኑግ፣ አንድ ቅል ቅቤ፣ ሁለት ከረጢት ኩበት። በገንዘብ የተገዛ፦ ቡና፣ ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ከኅብረት ሱቅ በካርድ ስኳርና ሳሙና፣ የቀበሌ ቤት ኪራይ 8 ብር። ከዓምዱ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ «ቀሪ 61 ብር» ብዬ አስምሬበታለሁ። 61 ብር! በዚያ ብር ለእናቴ ጋቢ አሠራሁላት።

ከጭነቱ ጎን «ሌሊት ገባ» የሚል አለበት። ያን ጊዜ ጎጃም ውስጥ የግል እህል ንግድ ተከልክሎ ገበሬው ኮታውን ለመንግሥት ያስገባ ነበር፤ ኬላ ጠባቂ ደግሞ የእህት ቀለብና የነጋዴ ጭነት አይለይለትም። ወንድሜ ጤፉን ከጭድ ሥር አድርጎ፣ አህያዋን በማታ ነድቶ፣ ውሻ በጮኸ ቁጥር እየቆመ ነበር የሚያመጣልኝ። ኮታው በ1982 እስኪቀር እንዲያ ስንል ኖርን። ዛሬ ኬላም ኮታም የለም፤ ጤፉ ግን በጠራራ ፀሐይ በደጄ አልፎ በአይሱዙ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል።

እናቴ ከእኔም ጋር አትነጻጸር። እሷ ከባሶ ገበያ በገንዘብ የምትገዛው ጨው፣ አቡጀዲ፣ መርፌና ቡና ነበር። ወጪዋ ይቈጠር ቢባል በዓመት አንድ ገጽ አይሞላም። በእናንተ መለኪያ እናቴ ከከተማው ሁሉ ድኻ ነበረች፤ ጎታዋ ሞልቶ፣ ላሟ ታልባ፣ እንግዳ ሳያድርባት የማይነጋ ሴትዮ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሁለቱ ዓምዶች ታሪክ ነው። በ1985 መጀመሪያ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲሄድ የቀኙ ዓምድ ረዘመ፦ ሳሙናው፣ ጫማው፣ የባትሪ ድንጋዩ። በ1989 መሬት ሲሸነሸን ደግሞ የግራው አጠረ። ወንድሜ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበርና «ቢሮክራት» ተብሎ 4 ጥማድ፣ አንድ ሄክታር ገደማ፣ ብቻ ቀረለት፤ በቤቱ ስምንት ነፍስ አለ። ከእሱ ጭነት መጠበቅ ነውር ሆነብኝ። እንዳትቀየም እያለ አንድ ቁና፣ ሁለት ቁና መላኩን ግን አልተወም፤ እሱ ካረፈ ወዲህም ልጁ ይልክልኛል። ታብሌቱ ላይ ዜሮ የሆነችው ያቺ ናት።

2000 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ደብተር ይዟል። በሐምሌ የሀገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከ60 በመቶ በላይ የደረሰበት ዓመት ነው። «ማኛ» የሚለውን ቃል ሰርዤ «ሰርገኛ» ብዬ የጻፍኩት በዚያ ወር ነው፤ ዳግም ማኛ አልጻፍኩም። ከጥቂት ዓመት በኋላ «ጤፍ ከሩዝ ጋር» ይላል፤ ከዚያ «ጤፍ፣ ሩዝ፣ በቆሎ»። ማኛ ከሚበቅልበት አገር ላይ ተቀምጬ! ደጀን ላይ ቆሞ የጭነት መኪናውን የሚቈጥር ሰው ይህን ቢሰማ ይስቅብኛል።

ስለዚህ ክቡራን፣ የቀኙ ዓምድ በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ ብዙ እጥፍ አድጓል፤ አልካድኩም። ያደገው ግን ድሮ ያለ ገንዘብ ይገባልን የነበረው ዛሬ በገንዘብ ስለሚገባ ነው። የእናንተ ቅጽ የግራውን ዓምድ አያውቀውም። ቅጹ ላይ ያልነበረው ሲጠፋ እንደሌለ ሆኖ ይታለፋል፤ የቀኙ ሲጨምር ግን «ዕድገት» ተብሎ ይጻፋል።

ከአባሎቻችን ቤት ደግሞ ጥቂት ላንሣ።

የውሃውን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1972 ምንጭ ወርደን በእንስራ እንቀዳ ነበር፤ ዋጋው ወገብ ነው። ቀጥሎ ቦኖ መጣ፣ በሳንቲም። ዛሬ ቆጣሪ አለን፤ ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ለሌላው ቀን ከጋሪ እንገዛለን፣ አንዱ ጄሪካን 20 ብር። ለልጁ ከነገርኩት 630 ብር ውስጥ የቧንቧው 150 ብቻ ነው፤ 480ው የጋሪ ነው፣ 24 ጄሪካን። ልጁን «የቧንቧ ነው ወይስ የጋሪ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ውሃ ነው የሚለው» አለኝ። ውሃ ባጣን ቁጥር ለውሃ የምናወጣው ይጨምራል፤ ሰንጠረዣችሁ ደግሞ ይህንኑ የተሻለ ኑሮ አድርጎ አነበበው።

እንጀራ። አንዲት አባላችን 74 ዓመቷ ነው፤ የሹፌር ሚስት ነበረች፤ ዓይኗ ሞራ ለብሷል። ሊጥ ማቡካት ትችላለች፣ ምጣድ ላይ መቆም ግን አትችልም፤ አንዴ እጇን ተቃጥላለች። ለአንድ ሰው ብሎ ምጣድ መጣድም የመብራቱን ሒሳብ አይመልስም። ስለዚህ ከጎረቤት በቀን ሦስት እንጀራ ትገዛለች፤ ቅጹ ላይ «ከውጭ የተገዛ የተዘጋጀ ምግብ» በሚለው ሥር ገባላት። ይህ መስመር ከሆቴል ምሳ ጋር አንድ ላይ የሚደመር መሆኑን የነገረን ልጁ ራሱ ነው። ሰምታ በሳቅ ልትሞት ትንሽ ነበር የቀራት። «ሆቴል የምበላ ሆንኩላችሁ?» እያለች አሁንም እድር ላይ ታነሣዋለች።

መድኃኒት። የደም ግፊትና የስኳር ክኒን የምንውጥ በእድራችን ውስጥ 19 ነን። ሐኪሙ ያዝዛል፤ ጤና ጣቢያው «ለጊዜው የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይላል፤ የግል መድኃኒት ቤት እንሄዳለን። ክኒኑ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ስለሆነ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው እኛን አልጠበቀም። ሰው የምግቡን ዓይነት ዝቅ ያደርጋል፣ የክኒኑን ዓይነት ግን ዝቅ አያደርገውም። ጡረታ ደግሞ ቢበዛ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 70 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ክኒኑ የሚገዛው ከምግቡ ላይ ተነሥቶ ነው። አንዷ ጓደኛዬ የ30 ቀኑን ክኒን በምላጭ እየገመሰች 60 ቀን ታደርሰዋለች። እንዳታደርጊው ብዬ ተቆጥቻታለሁ፤ «ግማሹም ከባዶ ይሻላል» ትለኛለች። ለጤና የምታወጣው ድርሻ ግን በእናንተ ወረቀት ከፍ ብሏል።

ስለ ስልክ ብዙ አልልም። አልፈለግነውም ማለት ውሸት ነው፤ የልጅ ልጄን ፊት የማየው በእሱ ነው። ልጄም ብሩን የሚልከው በቴሌብር ነው፤ ስልክ ከሌለኝ ገንዘቡም የለም። ካርድ መሙላት ዛሬ እንደ ጨው ነው።

ከሰል ላይም እንዲሁ። ኩበቱ ከገጠር መምጣቱ ቀረ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ከአዊ የሚመጣውን፣ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የተከሰለውን ከሰል በማዳበሪያ ከረጢት እንገዛለን። መንገድ በተዘጋ ሰሞን ደግሞ ዋጋውን አትጠይቁኝ።

አንድ ነገር ላይ ግን ራሳችንንም አልምርም፤ ሐቁን ካልኩ ሁሉንም ልበል። በድግስ ወጪያችን ጥፋቱ የእኛው ነው። ድሮ ሰው ሲሞት የእድሩ ደንብ 10 እንጀራና አንድ ገንቦ ጠላ ነበር፤ ሴቱ ተሰብስቦ ይጋግራል፣ ወንዱ እንጨት ይፈልጣል። በ2009 «ጊዜው ሠለጠነ፣ በብር እናድርገው» ተባለ። ተቃወምኩ፤ ተሸነፍኩ፤ ወዲያው ሒሳብ ያዥ አድርገው መረጡኝ። ከዚያ ወዲህ ድንኳን ኪራይ፣ ወንበር ኪራይ፣ የሰርግ ቪዲዮ፣ ለ40 ቀን የታሸገ ውሃ በካርቶን። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ አንዷ ያደረገችውን ሌላዋ ካላደረገች የሟች ክብር የሚጎድል ይመስላታል። ለተስካር ተበድራ ሁለት ዓመት ስትከፍል የኖረች አባል አለችን። እናንተ ይህንን ቆጥራችሁ «ለማኅበራዊ ጉዳይ የሚያወጡት ጨምሯል» ብትሉ አልከራከራችሁም። የብድር ገንዘብ አቅም ነው ካላችሁ ግን እከራከራለሁ።

ዐረፍተ ነገራችሁ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ እኔም አስተምሬዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1857 ኤርነስት ኤንግል የተባለ፣ በጀርመን አገር የሳክሶኒ የስታቲስቲክስ ኃላፊ የቤልጅግ ሠራተኞችን የቤት ወጪ መርምሮ፣ ቤተሰብ በደኸየ መጠን ከወጪው ውስጥ ለምግብ የሚሄደው ድርሻ ትልቅ እንደሚሆን ጻፈ። ከዚያ የተነሣ ብዙ ሰው የምግብ ድርሻ ሲያንስ «ኑሮ ተሻሻለ» ይላል። ድርሻ ግን በሁለት በኩል ያንሳል። ሰው ጠግቦ የተረፈውን ለሌላ ነገር ሲያውል ያንሳል፤ ክኒንና የጋሪ ውሃ ቀድመው ወስደውበት ከገበታው ላይ ሲቀንስም ያንሳል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ «ባለፈው ወር ስንት ቀን እራት ሳትበሉ አደራችሁ?» የሚል። ቅጹ ላይ አልነበረም። እኔ በእድር ስብሰባ ላይ ጠይቄያለሁ። እጅ አውጡ አላልኩም፤ ያሳፍራል። ወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ ጽፈው እንዲያስገቡ አደረግሁ። ወረቀቶቹ አሉኝ፤ እዚህ ላይ ግን አልዘረዝራቸውም፤ የሰው ገመና ነው። ቢሯችሁ ከጠራችሁኝ ይዤ እመጣለሁ።

በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ገማቾች ወደ ጎጃም በመጡ ጊዜ ገበሬው አምፆ ነገሩ የት እንደደረሰ ታሪክ የተማረ ያውቃል። ለማስፈራራት አላነሣሁትም፤ 41 ባልቴቶችና ጡረተኞች ማንን እናስፈራለን? ግምት በቆጠራ ቦታ ሲቀመጥ ምን እንደሚያመጣ በዚህ አገር አዲስ ነገር እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ጥናቱ ታርሞ እስኪደገም የጡረተኞች ቅናሽ በነበረበት ይቆይ። ከጥቅምት ወዲህ በአዲሱ ተመን የከፈሉ 7 አባላት አሉን፤ ልዩነቱ ለሚቀጥሉት ወራት ይታሰብላቸው።

ሁለተኛ፣ ጥናቱ ከነቅጹና ከነሰንጠረዡ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ። የተለጠፈው መደምደሚያው ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ሲደገም ቅጹ ላይ እነዚህ ይግቡ፦ በስጦታና ከገጠር የመጣ እህል፤ የቧንቧ ውሃና የጋሪ ውሃ ለየብቻ፤ በብድር የተደረገ ወጪ፤ የቤተሰቡ ቁጥር በነፍስ። እኔ በምጦረው ቤት ሁለት የልጅ ልጆች አሉ፤ ልጁ ስንት ሰው እንዳለ ሳይጠይቀኝ ነው የወጣው። ጊዜውም ቢያንስ ሁለት ይሁን፣ አንዱ በጾም አንዱ በፍስክ፤ አንዱ እህል በገባ ሰሞን፣ አንዱ ጎታ ባዶ በሆነ በክረምት።

አራተኛ፣ ቅጹ ሲዘጋጅ ከጡረተኞች አንድ ሰው፣ ከእድሮች አንድ ሴት ይቀመጡ። የቤት ወጪ የሚይዘው ማን እንደሆነ ሁላችሁም ከየቤታችሁ ታውቁታላችሁ።

ደብተሮቼን ማየት የሚፈልግ ባለሙያ ካለ ቤቴ ድረስ ይምጣ፤ ቡና አፈላለሁ፣ ገጽ በገጽ አሳያለሁ። ይዞ መሄድ ግን አይቻልም። የ1983ቱን ደብተር አንድ ሰው «ለጥናት ነው» ብሎ ተውሶኝ እስከ ዛሬ አልመለሰውም።

ከአክብሮት ጋር፣

የሴቶች እድሩ ሒሳብ ያዥ፣ ጡረተኛ የባልትናና የሒሳብ መምህርት
ምሥራቅ ጎጃም
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለእድሩ አባላት በሙሉ
ታብሌት ይዞ ለመጣው ልጅ፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም